ማታ አንድዱ፣ ሌሊቱን ለውኃው ተዉት፦ የመብራት መስመር በሌለበት የችግኝ ቤትን በማገዶ ቦይለር ማሞቅ

የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ስለ ውርጭ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ደስ ይላል፤ ሌሊቱ ግን ምሕረት የለውም። ማታ ለምለም ሆኖ ትታችሁት የገባችሁት የቲማቲም ችግኝ ጠዋት በፈላ ውኃ የተነከረ መስሎ ይጠብቃችኋል።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት የላስቲክ ቤት ከሠራሁ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አልበቃም። ነጠላ ቀጭን ላስቲክ ነፋስን ይከለክላል እንጂ ከመሬት ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሙቀት ብዙም አይዝም። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ውስጡና ውጭው እኩል ሊቀዘቅዙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማገዶ ቦይለር የሄድኩት። ቦይለር ስል በየቤቱ ያለውን የኤሌክትሪክ የሻወር ማሞቂያ ማለቴ አይደለም። እንጨት ነድዶበት በዙሪያው ያለውን ውኃ የሚያሞቅ የብረት ምድጃ ማለቴ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሌሊቱን ሙሉ እሳት መጠበቅ የለባችሁም። የሚጠብቀው ውኃው ነው። ከቀትር በኋላ ጠንከር ያለ እሳት ታነዱና አንድ ትልቅ ታንከር ውኃ ታሞቃላችሁ። ከዚያ እሳቱ ይጠፋል፣ እናንተም ትተኛላችሁ። ውኃው ሙቀቱን ቀስ እያለ እስኪነጋ ለችግኙ ይሰጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ አሠራር ዝርዝር ነው።

ብረት ከመግዛታችሁ በፊት

ሙቀት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሳትደፍኑ ቦይለር መትከል በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። መጀመሪያ በሩን፣ የላስቲኩን መገጣጠሚያና ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ እዩ። ጠርዙን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛ ላስቲክ ዘርጉ። በሁለቱ መካከል 5 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር አየር ከተያዘ የሚያመልጠው ሙቀት በደንብ ይቀንሳል። ይህ ከሁሉም ሥራ ርካሹ ነው፤ ከሁሉም በላይ ጥቅም የሚሰጠውም እሱ ነው።

በጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ውኃ የሞላበት የ200 ሊትር በርሜል በመደቦቹ መካከል አቁሙ። ቀን በፀሐይ ሞቆ ሌሊት በ12 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 2.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣችኋል። አምስት በርሜል 14 ይሰጣል። ቤታችሁ ትንሽ ከሆነና የምታሳድጉት ጎመንና ሰላጣ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ለእነሱ ቦይለር አያስፈልጋቸውም። ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ ግን ሌላ ናቸው። ከ10 ዲግሪ በታች ማደር ይጎዳቸዋል፤ የቃሪያ ዘር ደግሞ አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ለሳምንታት ተኝቶ ይቀራል።

ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ የላስቲክ ቤት ውስጥ ማስገባት ግን በፍጹም አይሞከር። ጭሱ አይታይም፣ ሽታም የለውም፣ ሰው ይገድላል። እንጨትም ቢሆን በደንብ ሳይነድ ሲቀር ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ቲማቲም ይህን ጋዝ በጣም አይወደውም። ቅጠሉ ወደ ታች ይጠመዘዛል፣ አበባውም ይረግፋል። እሳቱ ውጭ፣ ሙቅ ውኃው ብቻ ውስጥ፤ መግባት ያለበት በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ሒሳቡ፦ አየሩን ነው ወይስ ሥሩን?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቤቱን በሙሉ ለማሞቅ ይነሳል። 6 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ፣ ጎኑ 2 ሜትር፣ መካከሉ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት ውሰዱ። ላስቲኩ በጠቅላላ 154 ካሬ ሜትር ይሆናል። ነጠላ ላስቲክ፣ በስንጥቅ የሚወጣውን አየር ጨምሮ፣ በካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 7 ዋት ያህል ያስመልጣል። ውጭው 2 ዲግሪ፣ ውስጡ 12 ዲግሪ እንዲሆን ከፈለጋችሁ 154 በ7 በ10 ሲባዛ 10.8 ኪሎ ዋት ይመጣል። ለ10 ሰዓት 108 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው።

አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት በውስጡ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለው። እዚሁ አገር በተበየደ ቦይለር ግማሹ በጭስ ማውጫው ይሄዳል ብላችሁ ብታስቡ ይሻላል። የሚቀራችሁ 2 ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት 54 ኪሎ እንጨት! ይህን ያህል እያነደዱ ችግኝ ሸጦ ማትረፍ አይቻልም።

አሁን ሐሳቡን ገልብጡት። ችግኝ የሚፈልገው ሥሩ እንዲሞቅለት ነው። የሚሞቀው 1.2 ሜትር ወርድና 10 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት መደቦች ብቻ ይሁኑ። በጠቅላላው 24 ካሬ ሜትር ነው። ከመደቡ ሥር ሙቅ ውኃ የሚሄድበት ቱቦ ዘርጉ። ከላይ ደግሞ ማታ ማታ የሚሸፈን፣ በቀስት ቅርጽ የተሠራ ዝቅተኛ ላስቲክ ይኑረው። ለአንድ ካሬ ሜትር 80 ዋት ብትይዙ 2 ኪሎ ዋት አይሞላም። ለ12 ሰዓት 23 ወይም 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 12 ኪሎ እንጨት ማለት ነው። በየቱቦውና በታንከሩ የሚባክነውን ጨምሩና 15 ኪሎ በሉት። በ100 ቀዝቃዛ ሌሊት 15 ኩንታል ደረቅ ማገዶ ይፈጃል።

የታንከሩም መጠን ከዚሁ ይወጣል። 1,000 ሊትር ውኃ ከ75 ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ለአንድ ክፉ ሌሊት ይበቃል፤ ቀለል ባለ ጊዜ ተርፎ ለነገ ያድራል። ይህን ሙቀት በ4 ሰዓት ውስጥ ለመሙላት 10 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። እኔ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ዋት ያለውን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ትልቅ ማድረግ ጥቅም የለውም። ትልቅ ቦይለር እሳቱ ታፍኖ ሲሠራ ቅጥራን ያጠራቅማል።

ቦታና ከፍታ

ፓምፕ ሳይኖር ውኃ ከቦይለሩ ወደ ታንከሩ እንዴት ይሄዳል? ሙቅ ውኃ ቀላል ስለሆነ ነው። አንድ ሊትር ውኃ በ40 ዲግሪ 992 ግራም ይመዝናል፤ በ80 ዲግሪ ግን 972 ግራም ነው። ልዩነቱ 20 ግራም ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠራላችሁ እሱ ነው። ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ግን መንገዱን ማስፋትና ማሳጠር ያስፈልጋል።

ቦይለሩ ዝቅ ይበል፣ ታንከሩ ከፍ ይበል። የታንከሩ ሥር ከቦይለሩ ጫፍ ጋር እኩል ቢሆን ወይም ቢበልጥ ጥሩ ነው። መሬታችሁ ተዳፋት ከሆነ ቦይለሩን ከታች፣ ታንከሩን ከላይ አድርጉ። ሜዳ ከሆነ ታንከሩን በድንጋይ መድረክ ላይ አውጡት። ጉድጓድ ቆፍሮ ቦይለሩን ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ክረምት ላይ ግን ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል፤ ስለዚህ የውኃ መውረጃ ቦይ ሳትቀዱለት አትቆፍሩ። የድንጋዩን መሠረትም አደራ። 1,000 ሊትር ውኃ ከነታንከሩ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል።

በሁለቱ መካከል ያለው ቱቦ ብረት ይሁን። ቢያንስ አንድ ተኩል ኢንች፣ ከተቻለ 2 ኢንች። ሙቁ ከቦይለሩ አናት ወጥቶ ያለማቋረጥ እየወጣ ወደ ታንከሩ ላይኛ ክፍል ይግባ። ቀዝቃዛው ከታንከሩ ሥር ወጥቶ ወደ ቦይለሩ ሥር ይመለስ። በየአንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ስጡት፣ በውሃ ልክም ለኩት። በዓይን ግምት አትመኑ። እኔ አንድ ቦታ ላይ ቱቦው ጉብ ብሎ ቀርቶብኝ እዚያ አየር ታጎረ። ቦይለሩ እየፈላ እየጮኸ፣ ታንከሩ ግን ልክ እንደ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር። ለሦስት ቀን ምክንያቱን ፈልጌአለሁ። የነበረው ችግር የሁለት ጣት ጉብታ ነው። የቱቦው መታጠፊያ ክርኖችም ጥቂት ይሁኑ። አስገዳጅ ከሆነ በአንድ ሹል ክርን ፈንታ ሁለት ሰፋ ሰፋ ያሉ ተጠቀሙ።

ቦይለሩ የሚቀመጥበት ክፍል ከላስቲክ ቤቱ 4 ሜትር ያህል ይራቅ። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን። አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እዩና ፍንጣሪው ወደ ላስቲኩ በማይሄድበት በኩል ሥሩት።

ቦይለሩ ራሱ

የተዘጋጀ ከውጭ የመጣ ማግኘት ከቻላችሁ መልካም። ካልሆነ ልምድ ያለው በያጅ ይሠራዋል። እሳቱ የሚነካው ላሜራ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከቀጠነ በጥቂት ዓመት ይበላል። ድርብ ግድግዳ አለው። በሁለቱ ግድግዳ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይይዛል። ጠፍጣፋ ላሜራ የውኃ ግፊት ሲያርፍበት ይነፋል። ስለዚህ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ሁለቱን ግድግዳ የሚያያዝ ብረት ይበየድበት። ብዙ በያጆች ይህን ያልፉታል፤ ቆማችሁ አሠሩት። ፍርግርጉ ከታች አየር የሚያስገባ፣ አመዱም የሚወርድበት ይሁን። የአየር መግቢያው በር ደግሞ ድርግም ብሎ የሚዘጋ ይሁን።

ዚንክ የተቀባ ቱቦ የሚበየድ ከሆነ የሚበየደው ጫፍ ላይ ያለው ዚንክ አስቀድሞ ይፋቅ። ጭሱ በያጁን ያሳምማል።

ሲያልቅ ውኃ ሞልታችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፤ የሚያንጠባጥብ ካለ ይታያል። በአየር መጭመቂያ እንዲፈተሽ አትፍቀዱ። የታመቀ አየር ደካማ ብየዳን አፈንድቶ ሰው ይጎዳል።

ጭስ ማውጫው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ቢያንስ 5 ሜትር ቁመት ይኑረው። ደጋ ላይ 6 ሜትር ይሻላል። ምክንያቱም በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እሳት የሚፈልገውን ኦክስጅን ለማግኘት ብዙ አየር መሳብ አለበት። አጭር ጭስ ማውጫ ያለው ቦይለር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ በደንብ ሠርቶ እዚህ ግን ጭሱን ወደ ክፍሉ ይመልሳል።

መተንፈሻው

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሌላው ስሕተት ችግኝ ያሳጣችኋል፤ ይህኛው ሕይወት ያስከፍላል።

ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። 1,000 ሊትር ከ15 ወደ 80 ዲግሪ ሲሞቅ 28 ሊትር ያህል ይጨምራል። የሚሄድበት ቦታ ከሌለው ብረቱን ይቀድዳል። ወደ እንፋሎት ከተለወጠ ደግሞ መጠኑ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይሆናል። የተዘጋ ቦይለር ቦምብ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከታንከሩ አናት አንድ ኢንች ቱቦ ወደ ላይ ይውጣ። ከሁሉም በላይ በተሰቀለ፣ 60 ሊትር በሚይዝ ትንሽ የብረት ገንዳ አፍ ላይ ይጠናቀቅ። ገንዳው ክዳን ይኑረው፣ አየር ግን አይታፈንበት። ከገንዳው ሥር ሌላ ቱቦ ወርዶ ከመመለሻው ቱቦ ጋር ይገናኝ፤ የጎደለው ውኃ በዚያ ይተካል። ከቦይለሩ እስከ መተንፈሻው ጫፍ ድረስ ምንም ዓይነት መዝጊያ አይግባበት። እኔ ጋ የሠራው ባለሙያ «ውኃ እንዳይባክን» ብሎ መተንፈሻው ላይ ቫልቭ ገጥሞ ነበር። በቅንነት ነው። እሳት ሳይለኮስ አይቼው አስወጣሁት። እናንተም ከመለኮሳችሁ በፊት ቱቦውን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ከታች እስከ ላይ ፈትሹ።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመጽሐፍ ወይም ከቪዲዮ ያያችሁት «እስከ 90 አሙቁት» የሚል መመሪያ ደብረ ብርሃን ላይ አፍሉት ማለት ነው። ታንከሩ 75 ሲደርስ እንጨት መጨመር አቁሙ። ቦይለሩ አናት ላይ የሚገጠም ቴርሞሜትር ርካሽ ነው፤ አትለፉት።

ታንከሩ

የፕላስቲክ ሮቶ አይሆንም። ሙቅ ውኃ ሲገባበት ይለሰልስና ይዛባል። ክብ የሆነ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተበየደ ይሁን። አራት ማዕዘን ከሆነ ጎኑ ይነፋል። አቅም ካነሰ አምስት የብረት በርሜሎችን ከላይና ከታች ማያያዝ ይቻላል። መገጣጠሚያው ግን ይበዛል፣ በርሜሉም ቶሎ ይዝጋል።

ለማልበሻ ከጭድ የተሻለ ነገር በአካባቢያችን አላገኘሁም። በታንከሩ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ግድግዳ አቁሙና መካከሉን በደረቅ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቁት። ከላይም እንደዚሁ። እንዲህ የለበሰ ታንከር ሌሊቱን ሙሉ የሚያባክነው ከአንድ የድሮ ባለ ክር አምፖል ብዙም አይበልጥም። ግን ጭድ ውኃ ከነካው ዋጋ የለውም፣ እሳት ከነካው ደግሞ ሁሉም ይወድማል። በታንከሩና በቦይለሩ መካከል የድንጋይ ግድግዳ ይኑር፣ ጭስ ማውጫውም በጭዱ በኩል አይለፍ።

መደቡና ትንሿ ፓምፕ

ከታንከሩ ወደ መደቡ የሚሄደው ውኃ በፓምፕ ነው። ለምን እዚህ ጋ ፓምፕ ተጠቀምን? ምክንያቱም ፓምፑ ቢበላሽ ችግኙ ይቀዘቅዛል እንጂ ቦይለሩ አይፈላም። አደገኛው ክፍል ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ክፍል አደጋ የለውም። ይህን አከፋፈል አትገልብጡት።

20 ዋት የምትበላ የ12 ቮልት ፓምፕ ትበቃለች። ለ13 ሰዓት ብትሠራ 260 ዋት ሰዓት ነው። 100 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ግማሹ እንኳ ሳይነካ ይሸፍነዋል፤ 100 ዋት የፀሐይ ፓነል ደግሞ ቀን መልሶ ይሞላዋል። መደቡ ውስጥ የሚቀበር ቴርሞስታት ግጠሙለት። አፈሩ ሲሞቅ ፓምፑን ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ያስነሳል።

ከፓምፑ በፊት ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቴርሞስታት ያለው ቫልቭ አስገቡና በ40 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ሁለት ነገር ይሠራላችኋል። አንደኛ፣ 75 ዲግሪ ውኃ ሥሩን ቀቅሎ አይገድለውም። ሁለተኛ፣ ታንከሩ ማታ 75 ሆኖ ሊነጋ ሲል 45 ቢደርስም መደቡ የሚያገኘው ያው 40 ነው። ብርዱ የሚጠነክረው ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ሙቀቱ እንዳይከዳችሁ የሚያደርገው ይህ ቫልቭ ነው። ውኃው ከ40 ስለማያልፍ ለውኃ መስመር የሚሸጠው ጥቁር ፖሊኢትሊን ቱቦም ይሆናል፤ ውድ ቱቦ ፍለጋ አትድከሙ። ከታንከሩ እስከ ቫልቩ ድረስ ግን ብረት ይሁን።

የመደቡ አሠራር ከታች ወደ ላይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ጭድ ወይም ፎም፤ ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ። በላዩ ላይ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ የተዘረጋ ቱቦ። በቱቦው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አሸዋ። በአሸዋው ላይ የችግኝ ትሪው። ለአንድ መደብ 80 ሜትር ቱቦ ይፈጃል። በአንድ ረጅም መስመር አታድርጉት፤ ውኃው መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ይቀዘቅዛል። 40 ሜትር 40 ሜትር አድርጋችሁ ክፈሉት። ከዋናው ቱቦ መጀመሪያ ውኃ ያገኘው መስመር መጨረሻ እንዲመለስ አድርጋችሁ ግጠሙት። ያኔ የሁሉም መንገድ እኩል ይሆናል፣ አንዱ ሞቆ ሌላው አይቀዘቅዝም። ከፍ ያለው ቦታ ላይ አየር ማስወጫ አትርሱ።

ማገዶው

በአካባቢያችን ከባሕር ዛፍ የተሻለ አማራጭ የለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የደጋው ሰው ማገዶ እሱ ነው። ጥሩ ይነዳል፣ ግን መድረቅ አለበት። አሁን የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውኃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያን ውኃ ለማትነን ይደክማል፤ ከአንድ ኪሎ የምታገኙት ሙቀትም ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሚወጣው ጭስ ደግሞ ቅጥራን ሆኖ ጭስ ማውጫው ላይ ይጋገራል።

ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። እንጨት የምትፈልጉት ኅዳር ላይ፣ ገና ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ጥር ላይ ነው። ጥርና የካቲት ቁረጡ። ወዲያው ፍለጡት፤ ያልተፈለጠ ግንድ ቅርፊቱ ውኃውን አፍኖ ይይዘዋል። እስከ ግንቦት በፀሐይ ይቆይ። ሰኔ ሳይገባ ጎኑ ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደርድሩት። ከመሬት በድንጋይ ከፍ አድርጉት። ኅዳር ላይ ሁለት ፍልጥ አጋጩ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡና ጫፋቸው ከተሰነጣጠቀ ደርቀዋል። የደነቆረ ድምፅ ከሆነ ገና ነው።

ኩበትን ለቦይለር አላነድም፣ እናንተም ባታነዱት እመርጣለሁ። አመዱ ብዙ ነው፣ ሙቀቱም ያንሳል። ከሁሉም በላይ ግን ያ ፍግ የሚያስፈልገው ችግኙ ነገ የሚተከልበት መሬት ነው።

የምሽቱ ሥራ

10 ሰዓት ላይ እለኩሳለሁ። ቀጫጭን ደረቅ ጭራሮ አስቀድሜ፣ የአየር በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍቼ። ሰው ማገዶ ለመቆጠብ ብሎ እሳቱን አፍኖ ማንደድ ይወዳል። ተቃራኒውን አድርጉ። ቦግ ብሎ የሚነድ እሳት ጭሱንም ያቃጥላል፣ ቦይለሩንም ንጹሕ ያደርጋል። ሙቀቱ የሚቀመጥበት ታንከር ስላለ የሚባክን ነገር የለም። በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት አራት ፍልጥ ይጨመራል። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ታንከሩ 75 ይደርሳል። ፍሙ እስኪያልቅ ጠብቁና የአየር በሩን ዝጉ። ክፍት ከቀረ ቀዝቃዛ አየር ሌሊቱን ሙሉ በቦይለሩ ውስጥ እየነፈሰ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል።

ታንከሩ ከ40 በታች እስኪወርድ አትጠብቁ። በጣም የቀዘቀዘ ውኃ ወደ ቦይለሩ ሲመለስ የጭሱ እንፋሎት በላሜራው ላይ ወደ ውኃነት ይለወጣል፣ ብረቱንም ይበላዋል። የቦይለሩ ግድግዳ ሲያለቅስ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ የመደቡን ላስቲክ አልብሱ። ቀኑ ያጠራቀመው ሙቀት ሳያመልጥ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግለጡት። በደጋ ፀሐይ ቀትር ላይ የተዘጋ ላስቲክ ቤት በቀላሉ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ የሌሊቱን ውርጭ አምልጦ በቀን የሚቀቀል ችግኝ ብዙ ነው።

አፈሩ ለቲማቲም ዘር ከ20 እስከ 25፣ ለቃሪያ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ዘሩ ከበቀለ በኋላ ወደ 18 አውርዱት። ሙቀቱ ከበዛ ቀጥኖ ይመዘዛል። ከሥር የሚሞቅ ትሪ ቶሎ ይደርቃል፤ ጠዋት ጠዋት በጣት እየነካችሁ አጠጡ። ማታ አታጠጡ፤ እርጥበት ሲያድር የችግኙ አንገት ይበሰብሳል። ከጉድጓድ የወጣ ቀዝቃዛ ውኃም በሞቀ ሥር ላይ አታፍስሱ። ከታንከሩ ትንሽ ቀላቅሉበት፤ እጃችሁ ላይ ለብ ካለ ይበቃል።

ሲከፋም ሲያልቅም

ፓምፑ ሌሊት ላይ ቢቆም ምን ታደርጋላችሁ? እኔ መደቡ ላይ ቅዝቃዜ ሲሆን የሚጮህ ቴርሞሜትር አለኝ፤ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል። ሲጮህ ሙቅ ውኃ በጀሪካን ከታንከሩ ቀድቼ በትሪዎቹ መካከል ከላስቲኩ ሥር አስቀምጣለሁ። አምስት ጀሪካን አንድ መደብ እስኪነጋ ያደርሳል። ስለዚህ ታንከሩ ላይ የመቅጃ ቧንቧ አስበይዱ፤ ሲቀዳ እንዳያቃጥላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የተቀዳውን ያህል ውኃም ጠዋት ገንዳው ላይ መልሱ፤ ሳይሞላ አትለኩሱ።

በወር አንድ ጊዜ ጭስ ማውጫውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅጥራን ካያችሁ እንጨታችሁ እርጥብ ነው ወይም እሳታችሁ ታፍኗል። አመዱን በክዳን ባለው የብረት ዕቃ አውጡና ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ብቻ ድፉት። ፍም በአመድ ውስጥ ተደብቆ ያድራል። አሲዳማ መሬት ካላችሁ አመዱን በቀጭኑ በትኑበት፣ ችግኝ ትሪ ላይ ግን አታድርጉት።

የካቲት ሲጋመስ ብርዱ ይለቃል። ውኃውን ከቦይለሩም ከታንከሩም አታውጡት። ሲሞቅ የቆየ ውኃ ኦክስጅኑ ወጥቶለታል፣ ብረት ብዙም አያዝግም። በየዓመቱ አዲስ ውኃ የሚሞላ ሰው በየዓመቱ አዲስ ዝገት ያስገባል። እሳቱ የሚነድበትን ክፍል ግን አንድ እፍኝ አመድ እስከማይቀር ጥረጉት። አመድ የክረምትን እርጥበት ይስባል፣ የረጠበ አመድ ደግሞ ላሜራ ይበላል። ከዚያ የጭስ ማውጫውን አፍ በቆርቆሮ ክደኑት። ኅዳር ላይ መልሳችሁ ስትለኩሱ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ማንሳታችሁን አትርሱ።